ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፥ ቤት የሌላቸው ልጆች ወዳጅ

ከሚዛን ተፈሪ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ዛሬ በመኪና የሚሄድ ሰው ከቡናው ጥላ ሥር ይነሣና ቦንጋን ያልፋል፤ ጎጀብን ተሻግሮ ጂማ ይደርሳል፤ ከዚያም ጊቤን ተሻግሮ ወደ ዋናው ከተማ ይገባል። መኪና ባልነበረበት ዘመን ግን ይኸው ጕዞ በእግርና በበቅሎ ብዙ ሳምንት ይፈጅ ነበር። ሲራራ ነጋዴዎች ቡናና ማር፥ ሰምና ዝባድ፥ የዝሆንም ጥርስ ጭነው በዚህ መንገድ ይመላለሱ ነበር።

ነገር ግን ልጆች ሆይ፥ በዚያ መንገድ ላይ የሚነዳው ጭነት የጫነ በቅሎ ብቻ አልነበረም። ሰውም ይነዳ ነበር። ከከፋና ከሸካ፥ ከቤንችና ከሸኮ፥ ከማጂም አገር ባሪያ ፈንጋዮች ሰዎችን እየያዙ ወደ ሰሜን ይወስዱ ነበር። ጂማ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ የባሪያ ገበያ ነበረባት። ይህን ክፉ ሥራ የሚሠሩት ከሩቅ የመጡ ነጋዴዎችና ወታደሮች ብቻ አልነበሩም፤ የገዛ አገሩን ሰው አሳልፎ የሚሸጥ ባላባትም ነበረ። በዚህም ምክንያት በማጂና በቤንች አገር ቀድሞ ጢስ የሚጨስባቸው አያሌ መንደሮች ጠፍተው ዱር ሆነው ቀርተው ነበር።

ፈንጋይ ከሁሉ ይልቅ የሚወደው ልጅን ነው። ትልቅ ሰው መንገዱን ያስተውላል፥ ወንዙንና ተራራውን በልቡ ይይዛል፥ ሌሊትም ተነሥቶ ይሸሻል። ትንሽ ልጅ ግን ጥቂት ቀን ከተጓዘ በኋላ ወዴት እንደሚመለስ አያውቅም። አዲስ አበባም ከደረሰ በኋላ በአንድ ትልቅ ሰው ጓሮ ውኃ ሲቀዳና እንጨት ሲሰብር ያድጋል፤ የናቱን ቋንቋ ይረሳል፤ ስሙም ይለወጥበታል። ሲያድግ ከየት እንደ መጣ ቢጠየቅ የሚመልሰው የለውም።

ከእንደነዚህ ላሉ ልጆች በአዲስ አበባ መጠጊያና ትምህርት ለማስገኘት ከደከሙት ሰዎች አንዱ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። እርሳቸው በዚያ ዘመን ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ሁሉ ይልቅ ዘመናዊውን የሕክምና ትምህርት ቀድመው የተማሩ ሰው ናቸው። ይሁን እንጂ ቤት ያጣ ልጅ ምን እንደሚመስል ያወቁት ከመጽሐፍ አይደለም።

ወርቅነህ የተወለደው በጎንደር ከተማ በ1857 ዓ.ም. ገደማ ነው። የአባቱ ስም እሸቴ ነበረ። በዚያን ጊዜ የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። መንግሥታቸው እየደከመ ጠላታቸው እየበዛ በሄደ ጊዜ ጎንደር ተዘረፈች፥ ተቃጠለችም፤ ብዙ ሰውም ከቤቱ ተነቅሎ ንጉሡን ተከትሎ ሄደ። የወርቅነህ ቤተ ሰብም እንደዚሁ ወደ መቅደላ አምባ ደረሰ።

ንጉሡ የእንግሊዝን መልእክተኞች አስረው ስለ ነበረ የእንግሊዝ መንግሥት ጄኔራል ናፒየር የሚባል የጦር አለቃ ከ13,000 በሚያህል ወታደር አስከትሎ ላከ። ከወታደሮቹ የሚበልጡት ሕንዶች ነበሩ። መድፎቹንም የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ከሕንድ አገር አብረው መጡ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠው በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ከዚያ በኋላ በአምባው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ተበተነ። ባል ከሚስቱ፥ እናት ከልጇ ተለያየ። እሳትም ተለቀቀ።

በዚያ ግርግር መካከል ዕድሜው ከአራት ዓመት የማይበልጥ አንድ ሕፃን ብቻውን ተገኘ። ወላጆቹ አልነበሩም። ቻርልስ ቻምበርሌን የሚባል አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወሰደው። ወታደሮቹ ወደ ባሕር ወርደው በመርከብ ሲሳፈሩ ሕፃኑም አብሮ ተሳፈረና ሕንድ አገር ገባ።

ከመቅደላ የተወሰደ ሌላም ልጅ እንደ ነበረ ማወቅ ይገባችኋል። እርሱም የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። ዓለማየሁ የንጉሥ ልጅ ስለ ሆነ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በታላላቅ ትምህርት ቤት ገባ፤ የእንግሊዝ ንግሥትም ታስበው ነበር። ነገር ግን አገሩን ሳያይ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በዚያው በባዕድ አገር ሞተ። ማንነቱ ያልታወቀው የጎንደሩ ሕፃን ግን ረዥም ዕድሜ ኖረ። ሕፃን ልጅን ከአገሩ ማውጣት በጎ ሥራ ነው ወይስ አይደለም ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ወላጆቹን ማንም በደንብ አልፈለገለትም። በሌላ በኩል ደግሞ በዚያ ቀን ያ መኮንን ባያነሣው ኖሮ ሕፃኑ በእሳቱና በሁከቱ መካከል ሊጠፋ ይችል ነበር።

ኮሎኔል ቻምበርሌን ልጁን አምሪትሳር በምትባል ከተማ በሚስዮን ትምህርት ቤት አስገባው። ነገር ግን ብዙ ዓመት ሳይቆይ መኮንኑ ሞተ። ልጁም ሁለተኛ ጊዜ ረዳት አጣ። ያን ጊዜ ማርቲን የሚባል ሌላ ኮሎኔል የትምህርቱን ዋጋ ሊከፍልለት ተነሣ። የልጁ አዲስ ስምም ከሁለቱ ሰዎች ስም ተውጣጣ፤ ከአንደኛው ቻርልስን፥ ከሁለተኛው ማርቲንን ወስዶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ወርቅነህ የሚለውን ስም የሚጠራው ሰው አልነበረም። አማርኛውም ከአፉ ጠፋ።

ቻርልስ ማርቲን ትምህርቱን በትጋት ይማር ነበር። ላሆር በሚባል ከተማ ባለው የሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ በ1874 ዓ.ም. ገደማ ሐኪም ሆነ። በሕንድ አገር ጥቂት ጊዜ ካገለገለ በኋላም ዕውቀቱን ለመጨመር ወደ ስኮትላንድ ሄደ። ዕድሜው ሠላሳ ሳይሞላ በሁለት ክፍለ ዓለም የተማረ ሐኪም ሆነ።

በዚያ ዘመን በብሪታንያ አገር ስለ ቤት አልባ ልጆች ብዙ ይነገር ነበር። በለንደን ከተማ እጅግ ባለጠጋና እጅግ ድኻ በአንድ መንገድ ላይ ይኖሩ ነበር፤ በሌሊትም በየጣራው ሥርና በየገበያው ዕቃ መካከል የሚተኙ ልጆች አያሌ ነበሩ። ቶማስ ባርናርዶ የሚባል ከአየርላንድ የመጣ ወጣት በ1858 ዓ.ም. ሕክምና ሊማር ወደ ለንደን ገብቶ ነበር፤ እነዚህን ልጆች ባየ ጊዜ ግን ሐሳቡ ተለወጠና የሚያድሩበት ቤት ከፈተላቸው። ከዕለታት አንድ ቀን ቤቱ ስለ ሞላ ከጠጕሩ ቅላት የተነሣ ካሮት እየተባለ የሚጠራውን አንድ ልጅ መለሰው። ልጁ ከጥቂት ቀን በኋላ በረኃብና በብርድ ሞቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ባርናርዶ ረዳት የሌለው ልጅ ከዚህ ደጅ እንደማይመለስ በበሩ ላይ አስጽፎ ሰቀለ፤ ቤቱ ቢሞላም ይቀበል ጀመር። በ1898 ዓ.ም. ሲሞት በቤቶቹ ውስጥ የሚኖሩት ልጆች 8,500 ያህል ነበሩ።

ይህን የነገርናችሁ በከንቱ አይደለም። በትልቅ ከተማ ውስጥ ቤት የሌለው ልጅ በአገራችን ብቻ የተገኘ እንዳይመስላችሁ ነው። ለንደንም ነበረበት፤ ከዚያ በኋላ አዲስ አበባም ስታድግ ነበረባት። አሁን ወደ ሐኪማችን እንመለስ።

ከስኮትላንድ ከተመለሱ በኋላ ሐኪም ማርቲን በርማ በሚባል አገር የመንግሥት ሐኪም ሆነው ተሾሙ። ደመወዛቸውም መልካም ነበረ። ኑሯቸውም የእንግሊዝ መኮንን ኑሮ ነበረ። በ1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር የኢጣልያን ጦር በዐድዋ ድል ባደረገ ጊዜ ግን የኢትዮጵያ ስም በዓለም ጋዜጣ ሁሉ ተጻፈ። ሐኪሙም የተወለዱባትን አገር ለማየት ጓጉ። በ1892 ዓ.ም. ገደማ በሐረር በኩል አድርገው ወደ ኢትዮጵያ ገቡ፤ አዲስ አበባም ደርሰው ከዐፄ ምኒልክ ፊት ቀረቡ። የሚያነጋግራቸው በአስተርጓሚ ነበረ፤ የገዛ አገራቸውን ቋንቋ አያውቁምና።

በከተማው ውስጥ ድንኳን ተክለው በሽተኛ ያክሙ ጀመር። ከመቅደላ የተወሰደ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ሆኖ መጣ የሚለው ወሬም በአገሩ ሁሉ ተሰማ። ይህ ወሬ ከደረሳቸው ሰዎች መካከል አንዲት አሮጊት ነበሩ። እኒያ አሮጊት በመቅደላ አንድ የልጅ ልጅ ጠፍቶባቸው ነበር። ከጠፋም ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ነገር ግን ተስፋ አልቈረጡም፤ መጥተው ሐኪሙን ለማየት ለመኑ። የጠፋው ልጅ በግራ ክንዱና በቀኝ እግሩ ላይ ጠባሳ እንዳለው ያውቁ ነበርና ያንን ምልክት ፈለጉ። ጠባሳው በተባለው ስፍራ ተገኘ።

ልጆች ሆይ፥ ይህን ነገር ቆም ብላችሁ አስቡት። ሐኪሙ ከሠላሳ አምስት ዓመት ዕድሜያቸው የሚበዛውን አባታቸው ማን እንደ ሆነ፥ የተወለዱት በምን ከተማ እንደ ሆነ ሳያውቁ ነበር የኖሩት። በዚያ ቀን ግን አያት አገኙ፤ ዘመድ አገኙ፤ አባታቸው ያወጣላቸውንም ስም አገኙ። ከዚያ ወዲያ ኢትዮጵያውያን ሐኪም ወርቅነህ ብለው ይጠሯቸው ጀመር። ፊደልም እንደ ሕፃን ቈጥረው አማርኛን እንደ ገና ተማሩ።

ነገር ግን የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኛ ስለ ነበሩ ወደ በርማ ተመለሱ። በ1900 ዓ.ም. እንደ ገና መጥተው በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ሠሩ፤ በዚህም ጊዜ በአገራቸው ሚስት አግብተው ልጆች ወለዱ። ደግሞም ወደ በርማ ሄዱ። በመጨረሻ በ1911 ዓ.ም. ጡረታቸውን ተቀብለው ጓዛቸውን ጠቅልለው ቤተ ሰባቸውን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ዐልፎ ነበር። ብዙ ሰው በዚህ ዕድሜ ዕረፍትን ይመኛል፤ የሐኪም ወርቅነህ ዋና ሥራ ግን ገና ሊጀመር ነበር።

ያን ጊዜ አዲስ አበባ ከተቈረቈረች ሠላሳ ዓመት ያህል ብቻ ሆኗት ነበር። ምድር ባቡር ገብቶባታል፤ የውጭ አገር ሰዎችም በብዛት ይኖሩባታል። በዚያችው ከተማ ውስጥ ግን በየመኳንንቱ ግቢ ከደቡብና ከምዕራብ የመጡ ባሮች ነበሩ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢትዮጵያን በመንግሥታት ማኅበር ውስጥ ለማስገባት በፈለጉ ጊዜ የውጭ አገር መንግሥታት በዚሁ ምክንያት ይከራከሩ ነበር። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. በማኅበሩ ገባች። በዚያው ዓመት ሰውን መሸጥና መግዛት የሚከለክል ዐዋጅ ወጣ፤ መጋቢት 22 ቀንም ባሮች እንዴት ነፃ እንደሚወጡ የሚወስን ሌላ ዐዋጅ ተጨመረ።

ይህ ዐዋጅ ባሪያን ሁሉ በአንድ ቀን ነፃ አላወጣም። ባሪያው ጌታው ከሞተ በኋላ እንኳ እስከ ሰባት ዓመት የሚቆይበት ደንብ ነበረበት። መንግሥት መኳንንቱን ይፈራ ነበርና ነገሩን ቀስ በቀስ ሊያደርገው ዐሰበ። ለመኳንንቱ ሰባት ዓመት ዐጭር ጊዜ ነበረ፤ ለታሰረው ሰው ግን እጅግ ረዥም ነው። ይሁን እንጂ በዐዋጁ መሠረት ከነጋዴ እጅ የተያዙና በፍርድ ነፃ የወጡ ሰዎች መገኘት ጀመሩ፤ ከእነርሱም መካከል ሕፃናት ነበሩ።

ዳኛው ነፃ ወጥተሃል ብሎ ያሰናበተው ልጅ ወዴት ይሂድ? የሚያድርበት ቤት የለውም። መሬት የለውም፤ የሚያውቀው ሥራም የለም። የትውልድ አገሩ በእግር የብዙ ሳምንት መንገድ ነው፤ በመንገዱም ላይ ያው ፈንጋይ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ለሕፃኑ የቀሩለት መንገዶች ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛው በገበያና በቤተ ክርስቲያን ደጅ እየለመነ ከከተማው ድኻ ጋራ መንገድ ላይ ማደር ነው። ሁለተኛው ወደ ቀድሞ ጌታው ግቢ ተመልሶ ስለ አንድ ቁራሽ እንጀራ ሲል እንደ ቀድሞው ማገልገል ነው። ይህም ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የሚሆን ነገር ነበረ። አንዳንድ ጌቶችም ይህን እያዩ ባሪያ ነፃነትን አይወድም ይሉ ነበር። የጠላው ግን ነፃነቱን አልነበረም፤ በጎዳና ላይ የሚያገኘውን ረኃብና ብርድ ነበረ።

ሐኪም ወርቅነህ ይህን ከብዙዎቹ ባለሥልጣኖች ቀድመው ተረዱ። ለነፃነት ወረቀቱ ብቻ እንደማይበቃ፥ ቤትና እንጀራ፥ ትምህርትና የእጅ ሥራ አብሮ እንደሚያስፈልግ ለመኳንንቱም ለውጭ አገር ሰዎችም ያስረዱ ነበር። ነፃ ለወጡ ልጆች በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ደከሙ፤ ራሳቸውም ይቈጣጠሩት ነበር። በዚያም ልጆቹ መጠጊያ አገኙ፤ ፊደል ቈጠሩ፤ የእጅ ሥራም ተማሩ።

የእጅ ሥራ መማር በዚያ ዘመን ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠውን ቀጥቃጭ፥ ሸክላ የምትሠራውንም ሴት፥ ሸማኔውንና ቆዳ ፋቂውን መናቅ የተለመደ ነበረ። በከፋና በቤንች አገርም እንደነዚህ ያሉ ሠራተኞች ከሌላው ሰው ጋራ በአንድ ገበታ አይበሉም ነበር። በበርማና በሕንድ፥ በስኮትላንድም የኖሩት ሐኪም ወርቅነህ ግን በእጅ የሚሠራ ሰው በየትም አገር እንጀራውን የሚያገኝ መሆኑን በዐይናቸው ዐይተው ነበር። ዘመድ ለሌለው ልጅ ደግሞ ከዘመድ ርስት ይልቅ በእጁ ያለው ሥራ እንደሚጠብቀው ያውቁ ነበር። እርሳቸውም ራሳቸው ርስት ሳይኖራቸው በመድኀኒት ሥራ የኖሩ ናቸው።

ትምህርት ቤቱ ትንሽ ነበረ። በአገሩ ከነበረው የባርነት ብዛት ጋራ ሲተያይ በቡና ጫካ ውስጥ እንደ ተተከለ አንድ ችግኝ ነው። ሁሉንም ሊቀበል አልቻለም። ነገር ግን የገባበት ልጅ በዚያ ሌሊት የሚያድርበትን ያውቅ ነበር።

በ1917 ዓ.ም. አልጋ ወራሹ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ባስከፈቱ ጊዜ ሐኪም ወርቅነህ የበላይ ተቈጣጣሪ ሆነው ተሾሙ። ይህ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ይማሩበት የነበረ ሲሆን ከአገሩ የተማሩ ሰዎች አያሌዎቹ የወጡት ከዚያ ነው። እንግዲህ በአንድ ወገን የታላላቅ ሰዎች ልጆች፥ በሌላው ወገን ከባርነት የወጡ ልጆች በእኒያው ሐኪም ጥበቃ ሥር ሆኑ። በጧት አንዱን፥ በኋላም ሁለተኛውን መጐብኘት ለአንድ ሽማግሌ ድካም ነው። ከዚህም ሌላ በውጭ አገር ሰዎችና በኢትዮጵያውያን መካከል የሚነሣውን ክርክር በሚያይ ችሎት ዳኛ ነበሩ፤ በሽተኛም ያክሙ ነበር።

በ1922 ዓ.ም. ገደማ የጨርጨር አገር ገዥ ሆነው ወደ ምሥራቅ ሄዱ። ጨርጨር እንደ እኛ አገር ቡና የሚበቅልበት ደጋማ ምድር ነው። በዚያም አሰበ ተፈሪ የምትባለውን ከተማ አቋቋሙ፤ መንገድም አስጠረጉ። ስለ ጨርጨር ሥራቸው ብዙ ሊነገር ይቻላል፤ ለዛሬው ትምህርታችን ግን ይህ ይበቃል።

በ1927 ዓ.ም. ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ ሐኪም ወርቅነህ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ለንደን ተላኩ። የኢጣልያ መንግሥት ጦርነቱን ለማስመስከር ኢትዮጵያ የባሪያ አገር ናት እያለ በዓለም ሁሉ ያወራ ነበር። ሽማግሌው ሐኪም ለዚህ ክስ መልስ መስጠት ነበረባቸው። በሚስዮን ትምህርት ቤት ያሳደጓቸው እንግሊዞች በዚህ ጊዜ ብዙ የሐዘን ቃል ሰጧቸው፥ የጦር መሣሪያ ግን እጅግ ጥቂት። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ ወደቀች፤ ሐኪሙም ሁለተኛ ጊዜ ከአገራቸው ውጭ ስደተኛ ሆኑ።

በአዲስ አበባ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ነበሩ፤ ስማቸው ዮሴፍና ቢንያም ይባላል። በእንግሊዝ አገር የምሕንድስና ትምህርት ተምረው የተመለሱ ወጣቶች ነበሩ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተወረወረ ጊዜ ኢጣልያኖች በከተማው ሕዝብ ላይ ሦስት ቀን ግድያ አወረዱ፤ ከዚያም የተማሩትን ወጣቶች እየፈለጉ ገደሉ። ዮሴፍና ቢንያምም ተገደሉ። በሕፃንነታቸው እናት አባታቸውን በጦርነት ያጡት ሰው በእርጅናቸው ደግሞ ልጆቻቸውን በጦርነት አጡ።

ጠላት ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ዕድሜያቸው ሰባ ሰባት ያህል ነበረ። በዚያው ዓመት፥ ነሐሴ 20 ቀን፥ ባርነትን ፈጽሞ የሚያጠፋ ዐዋጅ ወጣ። በዚህኛው ዐዋጅ ውስጥ ጌታው እስኪሞት መጠበቅ፥ ሰባት ዓመትም መቆየት የሚል ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲያ በከፋም ሆነ በማጂ፥ በሸካም ሆነ በቤንች አገር ሰውን ይዞ የሚሸጥ ሁሉ በሕግ ወንጀለኛ ሆነ።

ሐኪም ወርቅነህ ከዚህ በኋላ ዐሥር ዓመት ኖሩ። በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ ከመቅደላ ከወጡ ከሰማንያ አራት ዓመት በኋላ፥ በገዛ አገራቸው፥ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ባሉበት ዐረፉ።